ብቸኛውን ካሴት የቆለፈ ሰው ካጠፋው ጣቢያ በምን ይሻላል?

በዚህ የጠፉ የቴሌቪዥን ዝግጅቶች መወያያ ላይ ከላይ ያለውን ጥያቄ የወረወርኩት እኔ ነኝ። ውይይቱ ሲረዝም አዲስ የሚገባው ሁሉ ከላይ የተመለሰውን መልሶ ይጠይቅ ጀመር። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጬዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ ስድቡንም ዘልዬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ ጽሑፉ

የድሮ የቴሌቪዥን ዝግጅት ሁለት ጊዜ ይጠፋል ብዬ ነው የጀመርኩት። መጀመሪያ የሚያጠፋው ጣቢያው ራሱ ነው። በቴሌቪዥን ልጅነት ዘመን አብዛኛው ዝግጅት በቀጥታ ይተላለፍና በዚያው ያበቃ ነበር። ማስቀመጥ ካስፈለገ የፊልም ካሜራ ከስክሪን ፊት ተደቅኖ ከመስተዋቱ ላይ ይቀርጻል። በ1956 አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለጣቢያዎች የሚሆን የቪዲዮ መቅረጫ አወጣ፤ ሁለት ኢንች ስፋት ባለው ማግኔቲክ ክር (ቴፕ) የሚሠራ ግዙፍ ማሽን። ክሩ በጣም ውድ ነበር። ደግሞም ሰርዞ እንደገና መቅዳት ይቻላል፣ መዘዙም የመጣው ከዚሁ ነው። ትናንት የተቀዳው ድራማ ላይ ዛሬ የኳስ ጨዋታ ይቀዳበታል። አሜሪካዊው ጆኒ ካርሰን ከ1962 ጀምሮ ያቀርበው የነበረው የምሽት ትዕይንት የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት አብዛኛው ክፍል ዛሬ የለም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።

ሁለተኛው አጥፊ ሰብሳቢው ነው አልኩ። በ1975 ቤታማክስ፣ በ1976 ቪኤችኤስ የተባሉት የቤት ቪዲዮ ካሴቶች ከወጡ በኋላ ተመልካቹ ቤቱ ተቀምጦ መቅዳት ቻለ። ስለዚህ ጣቢያው የሰረዘው ነገር በሰው ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ተርፎ ይገኛል። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዱ በእጁ ያለው ብቸኛ ቅጂ መሆኑን ያውቃል። የካሴቱን ጀርባ ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፣ የጥቂት ሰከንድ ቁራጭ ያሳያል፣ ሙሉውን ሲጠይቁት ዝም። እኔ ያልኩት ይህ ሰው የጣቢያውን ሥራ እየጨረሰ ነው። ጣቢያው በአንድ ከሰዓት ያደረገውን እሱ በሠላሳ ዓመት ያደርገዋል፤ ክሩ ቆልፈው ስላስቀመጡት አይቆይምና።

ምላሾቹ

1. የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። አመስግኖኝ፣ በሐሳቤም እንደሚስማማ ገልጾ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መሠረቱን ነቀነቀው። ያነሳው ማሪዮን ስቶክስን ነው። እኚህ የፊላደልፊያ ሴት ከ1979 አንስቶ በ2012 እስኪሞቱ ድረስ የቴሌቪዥን ዜና ሌት ተቀን ሲቀዱ ኖረዋል፤ ብዙ መቅረጫዎች በአንድ ጊዜ እየሠሩ፣ ካሴት ባለቀ ቁጥር እየተቀየረ። ትተው ያለፉት ካሴት ወደ 70 ሺህ ይጠጋል፤ ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የድረ ገጽ ቤተ መዛግብትም ተረክቦታል። በሕይወት ሳሉ ግን ቤታቸው ከምረው ነው ያኖሩት። ታዲያ እሳቸውንም ከአጥፊ ልንቆጥራቸው ነው ወይ ሲል ጠየቀኝ። በመጨረሻ ወደ ሕዝብ ወጥቷል እኮ ብዬ መለስኩለት። ወራሾቹ ቆሻሻ መኪና ጠርተው ቢሆንስ ኖሮ ብሎ ጥያቄውን ለኔ መለሰልኝ። በነገራችን ላይ ይህ የሱ ክርክር ወደኔ ነው የሚያደላው፤ እሱ ግን አላስተዋለውም።

2. ሁለተኛው አራሚ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየውይይቱ አንድ አይጠፋም፤ የዚህኛው ግን የሚጠቅም እርማት ነው። ጣቢያዎች የሰረዙት በድንቁርና ብቻ አይደለም ይላል። በእንግሊዝ ከተዋናዮች ማኅበር ጋር የነበረው ስምምነት አንድ ዝግጅት ስንት ጊዜ ሊደገም እንደሚችል ይገድብ ነበር፤ መድገም የማይቻለውን ማስቀመጥ ለሒሳብ ሹሙ ትርፍ ወጪ ነው። የቀለም ቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ ጥቁርና ነጩን የሚገዛ ጠፋ። ምሳሌው ዶክተር ሁ የተባለው የቢቢሲ ተከታታይ ድራማ ነው። ቢቢሲ የ1960ዎቹን ክፍሎች ክር ሰርዟል፤ ወደ ውጭ ለመሸጥ ግን በ16 ሚሊሜትር ፊልም ተገልብጠው ነበር። ፊልሙ ከአንዱ አገር ጣቢያ ወደ ሌላው ይተላለፋል፣ መጨረሻ ላይ ይመለሳል ወይም ይቃጠላል ነው ደንቡ። ደንቡ ሁልጊዜ አለመከበሩ ነው የጠቀመን። በ2013 ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች በናይጄሪያ ጆስ ከተማ በአንድ የቴሌቪዥን ማሰራጫ መደርደሪያ ላይ መገኘታቸው ይፋ ሆነ። እንዲያም ሆኖ እስካሁን ከ90 በላይ ክፍሎች ጎድለዋል። ስለዚህ መፈለግ ያለብን የተሠራበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን የተሸጠበትንም ነው ብሎ ደመደመ። ይህን ምላሽ አስቀምጡልኝ፤ 12 ላይ እንመለስበታለን።

3. እዚህ ላይ የተከሰሰው ወገን ራሱ ገባ። ሰብሳቢ መሆኑን አልደበቀም። ድሮ ያበድር ነበር፤ አንዱ ብርቅ ካሴት ክሩ ተበጥሶ፣ በተራ ፕላስተር ተጣብቆ ተመለሰለት። ኢንተርኔት ላይ ጫነ፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሰው የራሱን ምልክት ጥግ ላይ ለጥፎበት በዲስክ ሲሸጠው አገኘው። ከዚያ የመብቱ ባለቤት ነኝ ባይ መጣና የጫነውን ሁሉ አስነሳበት። ከዚህ በኋላ ለምን ብዬ ነው የማወጣው ይላል። ቆለፍክ እያሉ የሚወቅሱት ሰዎች ካሴቱ ቆሻሻ ላይ ተጥሎ ሳለ አንዳቸውም አላነሱትም።

4. አንዲት እህት አልራራችለትም። የዘረዘረው ምክንያት ሁሉ ስለ ክብሩ እንጂ ስለ ካሴቱ አይደለም አለችው። ነገ እሱ ቢያልፍ ቤተሰቡ ጀርባው ላይ በእጅ ጽሑፍ የተጫጫረበትን ፕላስቲክ ምን ብሎ ያውቀዋል? ቤት ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው። እውነቷን ነው፤ አነጋገሯ ግን ሰውየውን አስኮረፈው።

5. ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ገቡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የቪዲዮ ማጫወቻ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው፤ ሲጽፉ ሰላምታ አያስቀድሙም። ልጆች፣ ማን ይያዘው ብላችሁ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ይጫወታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ ነው ያሉት፣ በደምሳሳው። ከዚያ ያስተማሩትን ሙሉውን ባልችልም ልጻፈው፤ የዚህ ውይይት ፍሬ እሱ ነውና።

የቪኤችኤስ ካሴት እጃችሁ ሲገባ የመጀመሪያው ሥራ አለማጫወት ነው። በመስኮቱ በኩል ጥቅሉን ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ እዩ። ጥቁር ሆኖ እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ ከሆነ ደህና ነው። ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ወይም ሸረሪት ያደራበት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ከጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ተጭናችሁ የፊቱን ክዳን አንሱና የተጋለጠውን ክር ጠርዝ ተመልከቱ፤ የተጨማደደ ጠርዝ ድምፁን፣ እንዲሁም ምስሉን የሚያስተካክለውን ምልክት ይበላል። ከጀርባው ያለችው፣ ስትነቀል መቅዳትን የምታግድ ትንሽ የፕላስቲክ ስባሪ እስካሁን ካልተነቀለች አሁኑኑ ንቀሏት፤ አንድ ሰው የተሳሳተ ቁልፍ ቢጫን ሠላሳ ዓመት የቆየው ነገር በአንድ ጣት ይጠፋል። ሣጥኑ ከተሰነጠቀ ከሥሩ ያሉትን አምስት ብሎኖች ፈትቶ ጥቅሎቹን ወደ ጤነኛ ሣጥን ማዛወር ነው።

የጣቢያዎቹ ክር ሌላ በሽታ አለው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተሠሩ ብዙ ክሮች ማግኔቱን ከፕላስቲኩ ጋር የሚያጣብቀው ሙጫ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ይሟሟል። ሲጫወት ይጮኻል፣ ቡናማ ዝቃጭ የማጫወቻው ሄድ (ክሩን የሚያነበው ክፍል) ላይ ይቀራል። መድኃኒቱ መጠኑ በተጠበቀ ሙቀት፣ ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ባለው፣ ለሰዓታት ማድረቅ ነው። ፈውሱ ጊዜያዊ ስለሆነ ወዲያው መገልበጥ አለበት። ይህን ያሉት ግን አድርጉት ለማለት አይደለም፤ ቪኤችኤስ ላይ ባብዛኛው አያስፈልግም፣ አሲቴት የተባለው የድሮ ክር ላይ ደግሞ ማበላሸት ነው። የምግብ ምድጃ ያነሳ ሰው ከእርሳቸው ጋር ይጣላል።

6. ሰብሳቢው ተመልሶ ለ4 መለሰላት። እህት ስንት ካሴት አትርፋ ነው የምትፈርደው የሚል ነገር ነው። የቀረውን ዘልዬዋለሁ ብያለሁ።

7. አንድ ወጣት የጋሼን ምክር ዘግይቶ ነው ያነበበው። ሻጋታ ያለበትን ካሴት ማጫወቻው ውስጥ ከትቶ፣ ክሩ የሚሽከረከረው ከበሮ ላይ ተጠምጥሞ ቆሟል። አሁን ካሴት ማስወጫውን እየደጋገመ እየተጫነ ነው፤ ምን ላድርግ ይላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

8. ጋሼ፦ እጅህን አንሳ፣ ከኤሌክትሪኩ ንቀል። ክዳኑን ፍታ። ክሩን አትጎትት፤ ክሩን የሚያጠምደውን ሞተር በእጅ እያዞርክ ወደ ኋላ እንዲመለስ አድርገው፣ የላላውን ክር ከሥር የጥቅሉን መሐል እያዞርክ ሰብስበው። ከዚያ ማጫወቻው ሳይጸዳ ሌላ ካሴት አይግባበት፤ ሻጋታው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል። በሻጋታ ለተያዙት የተለየ ማሽን፣ ለአፍንጫ መሸፈኛ። ልጁ ከሰዓታት በኋላ ክሩ ሳይበጠስ መውጣቱን ጽፎ ጋሼን መረቃቸው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሰብሳቢውና እህታችን ዝም ብለው መቆየታቸውን ልብ ብያለሁ።

9. ከዚህ በኋላ ነገሩ ከመንገዱ ወጣ። አንዲት አባል በልጅነቷ ያየችውን የአሻንጉሊት ዝግጅት ታውቁታላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። ስሙን አታስታውስም። አንድ ዓይን የሌለው አሻንጉሊት ነበር፣ ሙዚቃው ያስፈራ ነበር፣ ድንገት ቆመ።

10 እና 11. አንዱ እኔም አይቼዋለሁ አለ፤ ሌላው ደግሞ የአሻንጉሊቱን ልብስ ቀለም ሳይቀር ጨመረ። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ እንደነበረ ቀድሞ የጻፈው ይኸው ሰው ነው! የጠፋ ዝግጅት በሚፈለግበት ሰፈር ይህ የተለመደ ነው። ሦስት ሰው አብሮ ሲያስታውስ ያልነበረ ነገር ይፈጠራል፤ ሆን ብሎ ፈጥሮ፣ የሐሰት ፎቶ አዘጋጅቶ ሰው የሚያንከራትትም አለ።

12. ለዚህ ነው ቀጣዩን ምላሽ የወደድኩት። የጻፈው የፍለጋ ሰው ነው፤ ከትዝታ አይጀመርም ይላል። የሚጀመረው ከወረቀት ነው። የዘመኑ ጋዜጦች በየቀኑ የቴሌቪዥን መርሐ ግብር ያትሙ ነበርና፣ ሰውየው አየሁ ያለውን ዓመት ቅጾች ገልጦ ዝግጅቱ መተላለፉን ማረጋገጥ ይቀድማል። መተላለፉ ሲረጋገጥ ሁለት ነገር በእጅ ይገባል፤ ትክክለኛ ስሙና ቀኑ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ነው። ዳይሬክተሩን፣ የሙዚቃ ደራሲውን፣ የፊልም ቆራጩን ወይም ቤተሰባቸውን መፈለግ። ዝነኛውን ተዋናይ ሁሉም ይጠይቀዋል፤ ቆራጩን የጠየቀው የለም፣ ቅጂ ወደ ቤቱ ይዞ የሚሄደው ግን እሱ ነው። ከዚያ 2 ላይ የተባለው ይመጣል፤ ዝግጅቱ ለማን ተሸጠ፣ በምን ቋንቋ ተተረጎመ፣ እዚያ በምን ስም ታየ። ስሙ ተቀይሮ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጥቅል ባለቤቱም ምን እንደያዘ አያውቅም። 9 ላይ ለጠየቀችውም ጋዜጣውን ታይ አለ፣ ያለ ፌዝ።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመረበት። ምስሉ ቢጠፋ ድምፁን ፈልጉ። የዶክተር ሁ የጎደሉት ክፍሎች ድምፃቸው በሙሉ ተርፏል፤ ያተረፉት ተመልካቾች ናቸው፣ በየቤታቸው የድምፅ መቅጃ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አድርገው።

13. ይህኛው አጭር ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚሠራ ምክር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የካሴት ጽሑፍ አትመኑ፣ ዝግጅቱ ሲያልቅም አታቁሙ። ሰው ካሴት ላይ ደጋግሞ ይቀዳል። የሁለት ሰዓት ካሴት ላይ የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ሲቀዳ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ውስጥ የቀድሞው ቅጂ ጭራ ይተርፋል። ፊልሙ ያልቃል፣ ምስሉ ለአፍታ ይንቀጠቀጣል፣ በረዶ ይሞላል፣ ከዚያ ዓመታት የሚቀድመው የሌላ ምሽት ስርጭት ከመሐሉ ብቅ ይላል። አንድ ቀን ማንም ያልፈለገውን ተራ ፊልም እስከ ጥግ ሲያሳልፍ የአንድ የጠፋ የውይይት ዝግጅት መጨረሻ አጋጥሞታል። ስለዚህ ተራ ነው ብሎ የሚጣል ካሴት የለም።

14. ወደ ዋናው ክርክር የመለሰን በሕግ ሙያ ላይ ያለ የሚመስል ሰው ነው። ማግኘትና ማሳየት ይለያያሉ ብሎ የ1967ን የመጀመሪያ ሱፐር ቦውል፣ የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ፣ አነሳ። ጨዋታውን ሲቢኤስም ኤንቢሲም አስተላልፈውታል፤ ሁለቱም አላስቀመጡትም። ከዘመናት በኋላ አንድ ተመልካች በጣቢያ ማሽን የቀዳው፣ ቁርጥራጭ ቢጎድለውም አብዛኛውን የያዘ ክር ከቤት ጣሪያ ሥር ተገኘ። በኒው ዮርክ የሚገኘው፣ የድሮ ስርጭት የሚያስቀምጠው ፔሊ ማዕከል አደሰው። ግን የክሩ ባለቤት የቀጂው ልጅ ነው፣ የጨዋታው መብት ደግሞ የሊጉ። በዋጋም በመብትም ሳይስማሙ ለዓመታት ቆዩ። ፕላስቲኩ ያንተ ነው፣ ላዩ ላይ ያለው ያንተ አይደለም፤ ሰብሳቢው የሚፈራው በከንቱ አይደለም አለ።

15. አንዱ ተነስቶ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 የቤታማክስ ሠሪው ሶኒ በተከሰሰበት ጉዳይ ቤት ውስጥ መቅዳትን ፈቅዷል፣ አለቀ አለ።

16. ባለ ሕጉ ትንሽ ተቆጣ። ፍርድ ቤቱ የፈቀደው ለራስ በሌላ ሰዓት ለማየት መቅዳትን ነው። ማከፋፈልን አልፈቀደም። የፍርድ ርዕስ እያነበባችሁ ውስጡን አትሙሉ አለ። ልክ ነው፤ ትሕትናው ግን እዚህ ላይ አልቋል።

17. አንድ ሌላ አባል ደግሞ የደስታ ዜና ይዤ መጣሁ አለ። ከድሮ ካሴት የገለበጠውን ድራማ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጽድቶ፣ አሳድጎ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም አድርጎ አቀረበው። ሊንኩንም ለጠፈ። እኔም አየሁት። የተዋናይቷ ፊት እንደ ሰም ነው፤ ከኋላ የቆሙት ሰዎች ዓይን ካንዱ ፍሬም ወደ ሌላው ቦታ ይለዋወጣል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ የማንም ቋንቋ አይደለም።

18. የተባለውን መገመት አይከብድም። ከሁሉ የከፋው ግን ዋናውን ቅጂ የት አደረግከው ተብሎ ሲጠየቅ ቦታ ስለያዘበት እንዳጠፋው መመለሱ ነው።

19. አባላቱ እንደ እሳት ነደዱ። አወያዩ ሁለት ምላሽ አነሳ።

20. ከዚያ ግርግር በኋላ የመጣው ምላሽ ነገሩን በአንድ ታሪክ ዘጋው። ዳድስ አርሚ የተባለው የእንግሊዝ አስቂኝ ድራማ የ1969 አንድ ክፍል በቀለም ተሠርቶ የተረፈው ግን በጥቁርና ነጭ ፊልም ብቻ ነበር። ፊልሙን ቀርበው ሲያዩት በምስሉ ላይ ደቃቅ የነጥብ ጥልፍ ይታያል። ለዓመታት እንደ ጉድለት የሚቆጠር፣ ዓይን የሚያስቸግር ነገር። ነጥቦቹ የቀለሙ ምልክት ነበሩ፤ ከስክሪን ላይ ሲቀረጽ ሳይጣራ አብሮ የገባ። ከነጥቦቹ ቀለሙን የሚያሰላ ፕሮግራም ተሠርቶ፣ ክፍሉ በ2008 በቀለም ተመልሶ ተላለፈ። አንድ ቅን ሰው አስቀድሞ ፊልሙን አጽድቶ፣ ቆሻሻ ነው ብሎ ነጥቡን አጥፍቶ፣ ዋናውን ጥሎ ቢሆን ኖሮስ? ለ17 ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም። አጽዳ፣ አሳምር፣ የፈለግከውን አድርግ፤ ግን በቅጂው ላይ።

21. ማስታወቂያዎቹ ይቆረጡ ወይስ ይቅሩ? ይቅሩ። አንዳንዴ የተቀዳበትን ሳምንት የሚነግረን ማስታወቂያው ብቻ ነው፤ ደግሞም ከድራማው ይልቅ እሱ ነው ብርቁ። በዚህ ላይ ብዙ ተጽፏል፣ አልደግመውም።

22. አንዲት የቤተ መዛግብት ባለሙያ ስለ አገለባበጡ ጻፈች። ርካሹ የዩኤስቢ መገልበጫ በቀጥታ ወደ ታመቀ ፋይል ስለሚለውጠው ለማየት ይበቃል፣ ለማስቀመጥ አይበቃም። ከማጫወቻው በኤስ ቪዲዮ አውጥቶ፣ መሐል ላይ የጊዜ ማስተካከያ አስገብቶ፣ ምንም መረጃ በማይጥል ኮዴክ (ምስልን ወደ ፋይል መለወጫ ዘዴ) መያዝ ነው። የጊዜ ማስተካከያው የክሩ ፍጥነት ሲዋዥቅ ግራና ቀኝ የሚወላገዱትን መስመሮች ያቃናል። እሷ የምትመርጠው ኤፍኤፍቪ1 በማትሮስካ ፋይል ነው፤ በ2021 ዝርዝሩ በይፋ ታትሟል፣ የማንም ኩባንያ ንብረት አይደለም። ሳይታመቅ የሚያዝ የፓል (በአውሮፓ የተለመደው የቴሌቪዥን ደረጃ) ምስል በሰዓት ወደ 75 ጊጋባይት ይወስዳል፤ በዚህ ኮዴክ ግማሹና ከዚያም ያነሰ ይሆናል፣ አንዲት ነጥብ ሳይጎድል። አንዱ ፍሬም በሁለት ቅጽበት የተነሱ ሁለት ግማሾች ስብስብ ነውና ይህን ኢንተርሌስ የሚባለውን አሠራር ስታስቀምጡ አታፍርሱት አለች፤ ግማሹን ስትጥሉ እንቅስቃሴውን ነው የምትጥሉት። ከዚያ ሦስት ቅጂ፣ አንዱ ሌላ ቤት። በየፋይሉ ደግሞ መለወጡን የሚያሳብቅ ማረጋገጫ ቁጥር።

23. ከሄድ ላይ ጥሬውን ሲግናል ቀጥታ ይዞ ቀሪውን በኮምፒውተር የሚሠራው ቪኤችኤስ ዲኮድ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይሻላል የሚል ሰው መጣ። ባለሙያዋ አልተቃወመችም፤ ማጫወቻ ከፍቶ ሽቦ መበየድ ለሚችል ብቻ ነው አለች። ጋሼ በዚህ ተደሰቱ። እኔም ተደሰትኩ፣ ለሌላ ምክንያት። አሁን የምንጨቃጨቀው እንዴት እንገልብጥ በሚለው ነው።

24. ሰብሳቢው ተመለሰ። ድምፁ ተለውጧል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ፋይል ለሕዝብ አይለቅም። ካሴቱ በሱ እጅ እያለ ባለሙያዋ በምትለው መንገድ ማስገልበጥና የተዘጋ ቅጂ ለአንድ ተቋም መስጠት ግን ይችላል፤ እሱ በሕይወት እስካለ እንዳይታይ በጽሑፍ ከተስማሙለት።

25. 4 ላይ የነበረችው እህት ይህ ማሾፍ ነው አለች። ማን አይቶት ነው ተረፈ የሚባለው?

26. ባለሙያዋ መለሰችላት። በተቋማት ዘንድ ይህ የተለመደ ስምምነት ነው፤ ለዓመታት የሚዘጋ ሰነድ ስንት አለ። ሊከፈት ያልቻለ ነገር አንድ ቀን ይከፈታል፣ የበሰበሰ ግን አይከፈትም። የሚያስቸኩለውንም አስታወሰች። የጃፓኑ ኩባንያ ፉናይ የመጨረሻውን ቪኤችኤስ ማጫወቻ ማምረት ያቆመው በ2016 ነው፤ ዩኔስኮና የድምፅና ምስል ቤተ መዛግብት ማኅበሩ ያወጡት ማስጠንቀቂያ ደግሞ ማግኔቲክ ክርን በየቦታው ማጫወት የሚቻልበትን ጊዜ ማብቂያ 2025 ላይ ነበር ያስቀመጠው። ያ ዓመት አለፈ።

27. እኔ ነኝ። አቋሜ አልተነቃነቀም፣ ጠበብ ግን ብሏል። ካሴቱን ስጥ አላልኩም፣ ለሁሉም አሳይም አልልም። ከባለቤቱ ሞት በኋላ የሚተርፍ ሁለተኛ ቅጂ ከቤቱ ውጭ ከሌለ ግን ያ ዝግጅት ጠፍቷል ብዬ ነው የምቆጥረው። ስለዚህ ምን እንዳለው ዝርዝሩን ብቻ ይለጥፍ ብዬ ጠየቅኩት። ርዕስ፣ ቀን፣ የክሩ ዓይነት፣ ሁኔታ። ዝርዝር ማንም አይሰርቅም፣ መብትም አይነካም። አንድ ቤተሰብ ቤት ሲያጸዳ ደግሞ የተጻፈ ወረቀት ካሴቶቹ ላይ ተጣብቆ ካገኘ ቆም ይላል።

28. የዝርዝሩን ግማሽ ለጠፈ። ሦስቱን 12 ላይ የነበረው ሰው ከጋዜጣ መርሐ ግብር ጋር አገናዝቦ ቀናቸውን አረመለት፤ ከእነሱ አንዱ ሰብሳቢው ይዣለሁ ብሎ ካሰበው የተለየ ክፍል ሆኖ ተገኘ፣ በየትኛውም ካታሎግ ያልተመዘገበ። ሰብሳቢው ለዚህ ሲያመሰግን እስካሁን ከጻፈው ሁሉ የረዘመ ነው።

29. አንዱ አሁንም የ9ኙን የአሻንጉሊት ዝግጅት አገኘሁት ብሎ ሊንክ ለጠፈ። አይደለም፤ ሌላ ነው፣ ሁለቱም ዓይን ያለው።

30. ጋሼ የቤታማክስ ማጫወቻ የላስቲክ ቀበቶ ያለው ሰው እንዳለ ጠየቁ። ከሰብሳቢው ካሴቶች አራቱ ቤታማክስ ናቸው፤ እርሳቸው ጋ ያለው ማሽን ይሠራል፣ ቀበቶው ግን ቀልጦ ወደ ሙጫነት ተለውጧል። ያለው ሰው እዚሁ ሥር ይጻፍላቸው።